ከመኪናው መስኮት የወጣ ቃል

ጎሮ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ዑቕባይ፤
ኪጋሊ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ያ የሚያስቸግርዎት ጉልበትስ ተሻለው? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ለዚህም አምላክ ይመስገን። እናቴ፣ «የአክስቴን ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ ብለሽ ጻፊ» ስላለች፣ ይኸው በወረቀት ስሜዎታለሁ።

የላኩልኝ ሁለት ጎማዎች ባለፈው ቅዳሜ ደረሱኝ። ጎረቤታችን ሰብሊ ከኪጋሊ በረራ እንደተመለሰች ዩኒፎርሟን እንኳን ሳታወልቅ ነው በራችንን ያንኳኳችው። «እኔ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነኝ ወይስ የሳይክል መለዋወጫ አከፋፋይ?» አለችና ጎማዎቹን አንገቴ ላይ እንደ አበባ ጉንጉን አጠለቀችልኝ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መልክዎን የማውቀው እናቴ አልበም ውስጥ ካለው ፎቶ ነው፤ በእጅዎ የሩጫ ሰዓት ይዘው፣ ከአንዲት ነጭ መኪና መስኮት አንገትዎን አውጥተው። ካደገች ወዲህ ላላዩዋት ዘመድ ይህን ያህል ማሰብዎ ያስገርመኛል።

አሁን የልቤን ወሬ ልንገርዎ። በሕግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀን ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በሚገኝ የጠበቃ ቢሮ ፋይል አገላብጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን፣ ታክሲዎች መንገዱን ሳይሞሉት፣ ብስክሌቴ ላይ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ክለብ ገብቻለሁ። ምሥራቅ በር በሚባለው ሊግ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጎሮ ላይ እንወዳደራለን። ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት ግንቦት ላይ በአገር አቀፉ ውድድር ይሳተፋሉ። እኔ አራተኛ ነኝ፤ ከሦስተኛዋ የምለየው በሁለት ነጥብ ነው። በሕይወቴ የፈለግኋቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ ይህን ግንቦት የፈለግሁትን ያህል የፈለግሁት ግን የለም።

አሠልጣኛችን ጉግሳ ሙሉአለም ይባላል። የቡድን መሪያችንም እሱ ራሱ ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ልክድ አልችልም። አንድ ልማድ አለው። ልምምድ ላይ ከሁሉም ኋላ የቀረችውን ልጅ መኪናውን አስጠግቶ በመስኮት «ሬሳ» ብሎ ይጠራታል። የተጠራችው «አቤት» ማለት አለባት። ካላለች አምስት ዙር ይጨመርባታል፤ ካለች ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ልምምዱም ይቀጥላል። በመጀመሪያው ወር እኔም ሦስት ጊዜ አቤት ብያለሁ። አሁን ከፊት ስለሆንኩ የምትጠራው ሌላ ናት።

የእርስዎ ዘመድ መሆኔን ስነግረው ብዙ ሳቀ። «የዑቕባይ ዘመድ? እንግዲያው ለአንቺ አዲስ ነገር የለም፤ ሁሉም ከቤትሽ የወጣ ነው» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ካላስቸገርኩዎት ጫማ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ቁጥሬ 38 ነው።

አክባሪዎ፣
ብሩክታይት እሸቴ


ኪጋሊ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታይት፤

ጤናና ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። እናትሽን ለተናኜ ስሜአታለሁ በያት፤ ያንን ፎቶ ግን ከአልበሙ ብታወጣው ደስ ይለኛል።

ጉልበቴ እንደ አሮጌ ፔዳል ይንጫጫል፣ ግን ይዞራል። እዚህ ከተማው በሙሉ ዳገት ነው። ወርክሾፔ አንዱ ዳገት ወገብ ላይ ስላለች፣ ያቃተው ሁሉ እኔ ጋ ይወርዳል፤ ደንበኛ አጥቼ አላውቅም።

ለምን ስልክ እንደማልደውል እናትሽ ደጋግማ ጠይቃኛለች። አፌን ስለማላምነው ነው። በወረቀት የምጽፈውን እሰርዛለሁ፣ እቀድዳለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። በአፍ የወጣውን እንዲህ ማድረግ አልቻልኩም።

ጫማውን ልኬያለሁ። ከኋላ ትንሽ ይጠብቅሻል፤ በሁለት ሳምንት ይለምዳል። ጎማዎቹን ከመጠን በላይ አትንፊያቸው፤ የጎሮ አስፋልት ጠጠር ይበዛዋል። አንድ ነገር ደግሞ ያዢልኝ። በፍጥነት ስትሄጂ ማንም ቢጠራሽ አንገትሽን አታዙሪ። ዓይን ወደ ዞረበት ጎማም ይዞራል።

ስለ አሠልጣኝሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ጉግሳ ጠንካራ ብስክሌተኛ ነበር።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣
ዑቕባይ


ጎሮ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ዑቕባይ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝዎት። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ጫማው ልክ ሆኖልኛል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ ዛሬ አልችልም።

ባለፈው እሁድ መጋቢት 7 ስምንት ዙር ነበረን። ቡድናችን ውስጥ ፈቲያ ሀይደር የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። አባቷ ቦሌ ሚካኤል የብረት በር ይሠራል፤ የመጀመሪያ ብስክሌቷን በየዳው እሱ ነው። እንደሚያውቁት እነሱም ጾም ላይ ናቸው፣ እኛም ሁዳዴ ላይ ነን። እኔ በውድድር ቀን ውሃ እጠጣለሁ፤ ፈቲያ ግን ከንጋት በፊት ከቀመሰችው በቀር አንድ ጠብታ አልወሰደችም ነበር። «ካቃተሽ አቋርጪ» ብያት ነበር። «አቋርጬ ደግሞ ስም ሊወጣልኝ?» አለችኝ። ስም ከወጣላት ቆይቷል፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስድስተኛው ዙር ላይ ሦስተኛ ሆኜ እመጣ ነበር። ተጠምዝዤ በመንገዱ ማዶ ስመለስ ፈቲያን ፊት ለፊት አየኋት፤ ብቻዋን፣ ከሁሉም ኋላ። የጉግሳ መኪና በግራዋ ተጠግቷል። አንገቱን አወጣና ተጣራ። ያንን ድምፅ ጎሮ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«ሬሳ!»

«አቤት» ለማለት ወደ መስኮቱ ዞረች። እርስዎ አንገትሽን አታዙሪ ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ እሷ ግን የሚጽፍላት የላትም። የፊት ጎማዋ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። በትከሻዋ ነው የወደቀችው።

ብስክሌቴን አካፋዩ ላይ ጥዬ ተሻገርኩ። ጉግሳ ከመኪናው አልወረደም።

«አንቺን ማን ቁሚ አለሽ?» አለኝ። «ሦስተኛ ነሽ እኮ። ሂጂ!»

«ትከሻዋ ተሰብሯል።»

«አምቡላንሱ ያነሳታል። ይልቅ ፍሬሙን እዪልኝ፣ ተጣሟል?»

«ውረድ» አልኩት።

«ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን። ውረድና እጇን ያዝ። ሬሳው አንተ ነህ።»

በሞተር ይከተለን የነበረው ዳኛ የደረሰው በዚህች ሰዓት ነው። የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፤ ጻፋት። ፈቲያ መሬት ላይ ተኝታ፣ «ብሩኬ ተይው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች።

ደንቡን አውቀዋለሁ። አቤቱታ ውድድሩ ካለቀ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጽፌ ጽሕፈት ቤቱ ድንኳን ደረስኩ። ጸሐፊው አነበበው፣ ገለበጠው።

«ፊርማ ይጎድለዋል፣ እህቴ።»

«ፈርሜበታለሁ።»

«ያንቺማ አለ። የቡድን መሪ ፊርማ ነው የጎደለው።»

«ቡድን መሪዬ እሱ ነው። የምከሰው እሱን ነው።»

«ገብቶኛል» አለኝ፣ በእውነት ያዘነልኝ ይመስላል። «ያስፈርሚውና አምጪው።»

የጉግሳ ክስ ግን ፊርማ አልጎደለውም፤ በሃያኛው ደቂቃ ገባ። ትናንት ውሳኔው ደረሰኝ። «አሠልጣኟን በአደባባይ በመሳደብና አንተ በማለት የስፖርታዊ ጨዋነት ደንብን ጥሳለች» ይላል። ይቅርታ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በቡድኑ ፊት ካነበብኩ፣ ያቋረጥኩት ውድድር በሦስተኛነት ተይዞልኝ ግንቦት ላይ እወዳደራለሁ። እምቢ ካልኩ አንድ ዓመት እታገዳለሁ። ሚያዝያ 24 የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀርቤ መልስ እሰጣለሁ።

ከእንግዲህ ዕቃ አይላኩልኝ። የምለምንዎ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። እርስዎ እዚሁ ከተማ አሠልጣኝ ነበሩ። ልጅን እንዲህ መጥራት የሥልጠና ወግ እንዳልሆነ፣ በእርስዎ ዘመን እንዳልነበረ ይጻፉልኝ። ከመልሴ ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ብሩክታይት


ኪጋሊ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታይት፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ለወደቀችው ልጅ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላት።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ የጠየቁሽ ወረቀት ነው። ፈርሚላቸውና ብስክሌትሽ ላይ ውጪ። ግንቦት በዓመት አንድ ጊዜ ናት፤ እግርም ለዘላለም እንዲህ አይሆንም። አሠልጣኝ ይቆጣል፣ ይሳደባል፤ ሥራው ያንን ያመጣል። አንቺም ስሜታዊ ሆነሽ ተናግረሻል።

የጠየቅሽኝን ገጽ ለመጻፍ እኔ ተገቢው ሰው አይደለሁም። ከሄድኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ቦታው ላይም አልነበርኩም።

ዕቃ አይላኩ ብለሻል፤ ጓንት ቀድሞ ገዝቼ ስለነበር ልኬዋለሁ። አንድ ጥንድ ለፈቲያ ነው።

ዑቕባይ


ጎሮ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ዑቕባይ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለፈቲያ የላኩትን ጓንት ወስጄላታለሁ። ግራ እጇ ስለታሰረ አንዱን ብቻ አደረገችው።

ምክርዎን በአክብሮት ተቀብዬ አነበብኩት፤ አልፈጽመውም። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ማክሰኞ ዕለት ክለቡ ሦስት ሽማግሌዎች ቦሌ ሚካኤል እናቴ ሱቅ ላከ። እናቴ ፎቶ ኮፒ እንደምትሠራ ያውቃሉ። ይቅርታውን አስተይበው ነው የመጡት፤ የሚቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ መረቁ። ከዚያ አንደኛው ወረቀቱን ለእናቴ አቀበላትና፣ «ወይዘሮ ተናኜ፣ መቼም እጅሽ ላይ ነውና በሦስት ኮፒ አንሺልን» አላት። አነሳችላቸው። ማሽኑ ይቅርታዬን ሦስት ጊዜ ሲተፋ ቆሜ አየሁ።

«በሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልም» አለችኝ ከሄዱ በኋላ። «ሰው ምን ይላል? ትልቅ ሰው አንተ ብለሽ!»

«እማ፣ ፈቲያ ለምን እንደወደቀች ታውቂያለሽ?»

«ፈጥና ነዋ።»

«አይደለም። አቤት ለማለት ዞራ ነው።»

እናቴ ማንም ሲጠራት ሳትዞር ቀርታ አታውቅም። ቆይታ ሦስቱን ኮፒዎች አንድ ላይ ገጠመችና ማሽኑን የምትሞክርባቸው ወረቀቶች ላይ በጀርባቸው አስቀመጠቻቸው። «ጀርባው ንጹህ ነው፣ ይሠራል» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ይቅርታው አላነሳችብኝም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍልዎ። ከጥቅምት እስከ ጥር እኔም ስቄያለሁ። ፈቲያ አቤት ስትል ከፊት ሆኜ ዞሬ የሳቅሁበት ቀን አለ፤ ዓይኗን አይቼዋለሁ። ያ ሳቅ ከእኔ ስላለፈ የመጣ ሳቅ ነበር። ኮሚቴው ፊት ይህንንም እናገራለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ካለ እሷን ነው፤ ጠይቄያታለሁም።

ትናንት ጉግሳን ክለቡ በር ላይ አገኘሁት። «ይህን ቃል ከየት ነው የተማርከው?» አልኩት። አሁንም አንተ እንዳልኩት አስተውሏል፣ ግን አልተቆጣም።

«ኪጋሊ ጽፈሽ ጠይቂ» አለኝና ገባ።

ይኸው ጻፍኩ። እናቴ አልበም ውስጥ ባለው ፎቶ ላይ አንገትዎን ከመኪና መስኮት ሲያወጡ ማንን ይጠሩ ነበር?

ብሩክታይት


ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዑቕባይ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሰብሊ ሁለት ጊዜ ኪጋሊ ደርሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። በመጀመሪያው ወርክሾፕዎ ዝግ ነበር። በሁለተኛው ግን እጅዎ ቀለም ነክቶት፣ ወረቀት መሬት ላይ ተበትኖ እንዳገኘችዎና «አልጨረስኩም በያት» እንዳሏት ነግራኛለች።

ችሎቱ ሚያዝያ 24 ነው።

ብሩክታይት


ኪጋሊ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሩክታይት እሸቴ፤

የበዓሉ በረከት ይድረሳችሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልሰርዝ ልጽፈው ነው።

ቃሉ የእኔ ነው። ጉግሳ ከእኔ ወሰደው።

በ1994 ዓ.ም. ስድስት ልጆች አሠለጥን ነበር። ጉግሳ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ አቶ ሙሉአለም ቦሌ ሚካኤል ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ የእኔንም ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ሠርተውልኛል። በድንገት ሞቱ። በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ልጁ ልምምድ ላይ መጣ። ለምን እንደመጣ አልጠየቅሁትም። ቤቱ ሰው ሞልቶት ማልቀሻ ቢያጣ ይሆናል፤ ዛሬ እንዲህ አስባለሁ።

ዳገቱ ላይ ከሁሉም ኋላ ቀረ። መኪናውን አስጠግቼ በመስኮቱ ያንን ቃል ጮህኩበት። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ዝም ሲለኝ ተናደድኩ። «ሲጠሩህ አቤት አይባልም?» አልኩት። «አቤት» አለ። ከዚያ ፔዳሉ ላይ ተነሣና ሁሉንም አልፎ ጫፉ ላይ አንደኛ ወጣ። እኔም ትልቅ መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ኋላ የቀረውን ሁሉ እንደዚያው ጠራሁ።

ስለ አባቱ አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ሁለት ደብዳቤ እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አውቅ ነበር። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜአለሁ። አፈሩ ሲገባ ሰምቻለሁ።

ፈርሚላቸው ያልኩሽ ለአንቺ ግንቦት አዝኜ እንዳይመስልሽ። ያንቺ ችሎት የእኔም መሆኑን ስላወቅሁ ነው። ጎማውም ጫማውም እንደዚያው ነበር፤ ከእኔ ዘመድ አንዱ እንኳን በመልካም እንዲያነሣኝ ፈልጌ ነው።

ለኮሚቴው የጻፍኩትን አያይዤዋለሁ። የጠየቅሽኝ በእኔ ዘመን እንዳልነበረ እንድጽፍ ነው፤ እንደነበረ ነው የጻፍኩት። ስሜን ሸፍኜ አልጻፍኩም። ካልጠቀመሽ ቅደጂው።

ዑቕባይ


ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ዑቕባይ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ተናድጄብዎት ነበር፤ አሁንም አልወጣልኝም። ቢሆንም ጤናዎን እመኛለሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ።

ችሎቱ የተቀመጠው ቦሌ ሚካኤል በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የሚናገረው ሰው ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል። ሰብሳቢው አቶ ሱሌማን የሚባሉ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጉግሳ ከረባት አድርጎ መጥቷል። የቡድናችን ልጆች ከኋላ ተደርድረዋል። ፈቲያ ክንዷ እንደታሰረ በሩ ሥር ተቀምጣ በመስኮት ውጪውን ታያለች።

የተናገርኩትን አመንኩ፤ በፈቲያ መሳቄንም አልደበቅሁም። እሱ የተናገረውንም ነገርኳቸው። አቶ ሱሌማን ወደ ጉግሳ ዞሩ።

«ልጅቷን በዚህ ቃል ጠርተሃታል?»

«ፈቲያ ሀይደር ብዬ ነው የምጠራት። ስሟን አውቃለሁ።»

ልጆቹን ጠየቋቸው። አንደኛዋ፣ «መኪናው ድምፅ አለው፣ አይሰማም» አለች። ሌላዋ መሬት መሬቱን አየች። አልፈረድኩባቸውም፤ ግንቦት እነሱም ዘንድ አለች።

ያን ጊዜ የእርስዎን ወረቀት አቀረብኩ። አቶ ሱሌማን መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ኪጋሊ ያለ ሰው ጎሮ የሆነውን አላየም፤ ማስረጃ ብዬ አልይዘውም» አሉ። «ለማወቅ ያህል ግን ይነበብ።» ማንበብ ጀመሩ። ስለ ስድስቱ ልጆች፣ ስለ ዳገቱ። እዚያ ላይ አውሮፕላን መጣ። እሳቸው ማቆም አልፈለጉም፤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አውሮፕላኑ ሲበረታ እሳቸውም ጮኹ። «መኪናውን አስጠግቼ…» አሉ፣ «በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ…» አሉ። ድንገት ሰማዩ ጸጥ ሲል የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን አዳራሹን ሞላችው።

«ሬሳ!»

«አቤት» አለች ፈቲያ።

ከወንበሯ ግማሽ ተነሥታለች። ፊቷ ወደ ድምፁ ዞሯል። ምን እንዳለች የገባት ሁላችንም ስናያት ነው። መልሳ ተቀመጠች፤ ባልታሰረው እጇ አፏን ያዘች።

ማንም አልሳቀም። የእኔ ዓይን ግን ጉግሳ ላይ ነበር። ድምፅ አላወጣም እንጂ የእሱም ከንፈር ተንቀሳቅሷል።

አቶ ሱሌማን ወረቀቱን ሊያስቀምጡ ሲሉ ጉግሳ፣ «ይጨርሱት» አላቸው። ጨረሱት። እርስዎ የአባቱ ቀብር ላይ ቆመው እንደነበር የጻፉበት ጋ ሲደርሱ ከረባቱን ፈታ። ከዚያ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦

«ሳያውቅ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ሃያ ሦስት ዓመት።»

ውሳኔው እንዲህ ነው። ጉግሳ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የቡድን መኪና ውስጥ አይገባም። ክለቡ ከአሠልጣኙ የተለየ ቡድን መሪ ይሾማል። ከእንግዲህ የተበደለ ብስክሌተኛ ያለማንም ፊርማ አቤቱታ ያስገባል። ይህ ሦስተኛው በወረቀት ሲሰፍር ቆሜ አይቻለሁ።

ወደ እኔ ሲደርሱ አቶ ሱሌማን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ነገሩ አሁን ለሁላችን ግልጽ ነው። አንድ መስመር፣ አሠልጣኜን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብለሽ ፈርሚና ግንቦት ተወዳደሪ። ማንም አይታዘብሽም።»

ብዕሩን ተቀበልኩ። ጋሽ ዑቕባይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ግንቦት ዓይኔ ፊት ነበረች። የጻፍኩት ግን ይህን ነው፦ «ሬሳ ማለቴ ጥፋት ነው። ለማንም ሰው አይባልም።» ከእርስዎ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ መጥቶ እኔም አፍ ላይ ተገኝቷል፤ ያንን አልክድም። ሰውየው ከመኪናው እንዲወርድ በማዘዜ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ኮሚቴው ተመካከረና ይህ ይቅርታ አይባልም አለ። ሦስት ወር ታገድኩ። ግንቦት ሄደች።

አላለቀስኩም ብልዎ ውሸት ነው። ሰብሊ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። በማግስቱ ግን ጫማዎን አድርጌ ወጣሁ። ከጎሮ በላይ ባለው መንገድ ፈቲያ አባቷ በበየደላት ብስክሌት ላይ በአንድ እጇ ይዛ ቀስ ብላ እየሄደች አገኘኋት። ሐኪሙ ከልክሏታል፤ ተቆጥቻታለሁ። ከዚያ ፍጥነቴን ቀንሼ ከኋላዋ ሆንኩ። እስክንመለስ አልቀደምኳትም።

አሁን የመጨረሻ ልመናዬን ልጻፍ። ጎማም፣ ጓንትም፣ ምስክርነትም አይደለም። ለኮሚቴው የጻፉት ለኮሚቴው ነው፤ ለእኔ የጻፉትም ለእኔ ነው። ለእሱ አልጻፉለትም። በደሉን ለሁላችን ነግረው እሱ በሌላ ሰው አፍ ሰማው። ወድጄው አይደለም ይህን የምለው፤ ፈቲያን ያደረጋትን አልረሳም። ይገባዋል ብዬ ግን አምናለሁ።

ሰብሊ የፊታችን ዓርብ ኪጋሊ ትገባለች። የፈለጉትን ያህል ይሰርዙ፣ ይቅደዱ፤ ባዶ እጇን ግን እንዳይመልሷት። ሲጀምሩ ከላይ ሙሉ ስሙን ይጻፉ። የአባቱን ስም እንዳይዘነጉ።

ብሩክታይት እሸቴ